ሊቀ አራዊት ዱር ወረዱ

ዱር ሳይረግጥ ዱሩን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ባንክ ቤት ከመስኮቱ ኋላ ይቀመጣል። ጸጉር ቤት መቀስ ይዞ ይቆማል። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይይዛል። ስለ ዝናብ ብታነሱበት ጉንዳን ዝናቡን እንዴት አስቀድማ እንደምታሸተው ይነግራችኋል። ስለ አማታችሁ ብታማክሩት ነገሩን ከሴት ጅብ ይጀምርላችኋል። ችግራችሁ ምንም ይሁን ምን መፍትሔው አንድ ጭራ ያለው ፍጡር ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

የእኛው ሰው የሚቀመጠው የስፖንጅ ክምር ላይ ነው።

ሥራችን አሮጌ ሶፋ ማደስ ነው። እኔ የስፌት መኪናው ላይ ነኝ፤ እሳቸው ሞላ ያስራሉ፣ ስፖንጅ ይቆርጣሉ፣ ጨርቅ ይወጥራሉ። «ሊቀ አራዊት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ሲሆን እኩዮች ስለሆንን «አንተ» ነው የምንባባለው። በጽሑፍ ሲሆን ግን ይህን የሚያህል ሊቅ አንተ ማለት ድፍረት መሰለኝ።

ሊቅነታቸው የተገኘው ከቴሌቪዥን ነው። ማታ ማታ የዱር አራዊት ፊልም የሚያሳይ አንድ ጣቢያ አለ። ሊቀ አራዊት ከሥራ ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከእናታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ያንን ማየት ከጀመሩ ወዲህ ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ፊልሙ የሚተረከው በባዕድ ቋንቋ ነው። ከዚያ ቋንቋ ሊቀ አራዊት የሚያውቁት ሰላምታውንና ስንብቱን ብቻ ነው። ይህ ግን አንድም ቀን አላሰናከላቸውም። ምስሉን ያያሉ፤ የቀረውን እሳቸው ይሞሉታል። አንበሳዋ ለምን እንዳኮረፈች፣ ጎሹ ከየትኛው ጎሽ ጋር የቆየ ቂም እንዳለው፣ አዞው ውሃ ዳር ተጋድሞ ምን እያሰላሰለ እንደሆነ ሁሉንም ያውቃሉ። ጠዋት ደግሞ ያው ትምህርት ወደ ሱቃችን ይመጣል።

አንድ የቢሮ ኃላፊ የሚሽከረከር ወንበራቸውን ሊያሳድሱ ይዘው መጡ። ሊቀ አራዊት ስፖንጁን እየቀየሩ የዝንጀሮ አለቃ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ካልተቀመጠ መንጋው እንደማይታዘዘው አስረዷቸው። ኃላፊው የወንበሩን እግር ጎንበስ ብለው አዩና ትንሽ ከፍ ይደረግልኝ አሉ። ሌላ ቀን እኔ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌ ፊቴን ቋጥሬ ብገባ፣ ወንድ ሰጎን እንኳን ሌሊቱን ዕንቁላል ታቅፎ እንደሚያድር ነግረው በጊዜ ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። የሰጎኑ ነገር እውነት ነው፤ በኋላ አንብቤ ደርሼበታለሁ። አልፎ አልፎ እውነት ይገጥማቸዋል።

ሁለት የታወቁ አባባሎች አሏቸው። ጥያቄ ሲነሳ «እሱን ለእኔ ተወው» ይላሉ። መልሱ ሲጀመር ደግሞ «እኔ ልንገርህ» ይላሉ። «አላውቅም» የሚል ቃል ግን አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። እንዲያውም የቃሉን መኖር ይጠራጠሩ እንደሆነ እንጃ።

እኔ ትምህርቴን በጊዜ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የቀረውን ሰው ከጣለው መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት፤ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሰዎች ሶፋቸውን ሲያመጡ አብሮ የሚመጣውን አያዩም፤ ከመቀመጫው ስር ማበጠሪያ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም መጽሐፍ ይገኛል። ባለቤቶቹ «ውሰደው» ካሉኝ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ ስለ እንስሳት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ሊቀ አራዊት ሲያስተምሩ የቱ ጋ እንደሚስቱ አውቃለሁ። አላርማቸውም። ስፌት መኪናው እየጮኸ ስለሆነ ግማሹን ነው የምሰማው፤ ግማሹ ደግሞ ከመጽሐፉ ይልቅ ያስቃል።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ። የሊቀ አራዊት እናት ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ፣ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር እምብዛም አያዩም። ሐኪሙ የቀረውን መጠበቅ እንጂ የሄደውን መመለስ እንደማይቻል ነግሯቸዋል። እማማ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም፤ አንድ ነገር ብቻ አሉ። ልጃቸው ያን ሁሉ ዓመት ከሚተርክላቸው እንስሳ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ዝሆንን ነው። ይህቺ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ ዝሆን ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ቢቆሙ ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ተናገሩና ወዲያው፣ «ተዉት፣ ለማላየው ነገር ምን አደክማችኋለሁ» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ፈጣሪ ነገሩን ሲያገጣጥም ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ሱቃችን መጣ። ዱር ውስጥ፣ አራዊት የሚጠበቁበት ትልቅ ፓርክ መሃል ሎጅ አለው። የሎጁ ወንበሮች በፀሐይና በአቧራ አልቀዋል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ማምጣት አልተቻለም፤ እኛ ሄደን እዚያው እንድንሠራለት ፈለገ። ሥራውን ስንጨርስ ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና አራዊት እንደሚያሳየን ቃል ገባ። ሊቀ አራዊት ያነሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴን ይዤ ልምጣ አሉ። ሰውየው እሺ አለ።

እማማ ግን እምቢ አሉ። አይቼ ለማልለየው ለምን የሰው ወንበር አጣብባለሁ አሉ። ይኼኔ ነው ሊቀ አራዊት ቃላቸውን የሰጡት። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እማዬ፣ እሱን ለእኔ ተዪው። ዝሆን ሲመጣ መሬት ከሩቅ ትንቀጠቀጣለች። ዓይን የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን አሳርፈሽ ትጠብቂያለሽ፤ ዝሆኑ ራሱ መጣሁ ብሎ ይነግርሻል።»

እማማ ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲህ ከሆነስ እሄዳለሁ» አሉ።

ሽፋን የሌለው መጽሐፌ ዝሆን ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ሲሄድ ኮቴው እንደማይሰማ ነው የሚናገረው። ነገር ግን መጽሐፍ ሁሉ ትክክል አይደለም። ዝሆንን በዓይኔ አላየሁትም፤ ሊቀ አራዊትም አላዩትም። እማማም ልብሳቸውን መሸከፍ ጀምረው ነበር። ምናልባት ይንቀጠቀጣል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተስፋ ማድረግ ልማዴ ነው።

ሥራውን ሠርተን ጨረስን። ስለ ሎጁ ብዙ አልናገርም፤ ለእኔ ሎጅ ማለት ብዙ ወንበር ነው። ዱሩን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም አይልም። ሌሊቱን ሙሉ የሆነ ነገር ሌላውን ይጠራል፣ ያኛው ይመልሳል፣ ሌላ ደግሞ መሃል ይገባል፤ ልክ እንደ ገበያ ነው። ጠዋት ከበረንዳው ስር ያለው አሸዋ ላይ የማላውቀው ዱካ ተጽፎ አገኘሁ። እኛ ተኝተን ሳለ አንድ ነገር በበራችን አልፎ ሄዷል። ምን እንደሆነ ለማወቅ እንዴት እንደጓጓሁ። ሊቀ አራዊትን ብጠይቃቸው ሳያቅማሙ «ነብር ነው፤ ሽማግሌ ነብር፤ ግራ እግሩን ያመዋል» አሉኝ። አስጎብኚዋ መጥታ አየችና የሎጁ ውሻ ነው አለች።

አስጎብኚዋ ቃል የምትቆጥብ ወጣት ሴት ናት። መኪናውን የምትነዳውም እሷው ናት፤ ረጅም ነው፣ ጣሪያው የተከፈተ። ፊት ላይ እማማና ሊቀ አራዊት ተቀመጡ፤ ከኋላቸው እኔና አንድ ባለ ካሜራ እንግዳ። የሰውየው ካሜራ የጨቅላ ሕፃን ያህላል፤ እንደ ሕፃንም ያቅፈዋል። እማማ ገና መኪናው ሳይነሳ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከወንበሩ ስር አስቀመጡ፣ ሁለት እግራቸውን የመኪናው ወለል ላይ ዘርግተው አሳረፉ። ሞተሩ ተነሳ።

«መጣ?» አሉ እማማ።

«ሞተሩ ነው እማዬ» አሉ ሊቀ አራዊት።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ዋለ። አስጎብኚዋ መኪናውን ታቆማለች፤ በጣቷ ትጠቁማለች፤ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሊቀ አራዊት ተነስተው ቆመዋል። ድምፃቸው ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪና፣ መዶሻና ራዲዮን አሸንፎ መሰማት የለመደ ነው። የሜዳ አህዮች ሲያዩ የመስመሮቻቸውን ብዛት ከዕድሜያቸው ጋር አዛመዱ፤ የሜዳ አህዮቹ ትምህርቱ ሳያልቅ አቧራ ሆኑ። ከርከሮ ሲያዩ ስለ ጭራው አቋቋም ማብራሪያ ጀመሩ፤ ከርከሮው ጭራውን ሽቅብ አቁሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ባለ ካሜራው በዚያ ቀን ያነሳቸው ሥዕሎች በሙሉ የእንስሳት ኋላ ናቸው።

ሊቀ አራዊት አንበሳ በጠዋት እንደማይወጣ አረጋግጠው ተናግረው ገና ቁጭ ሳይሉ፣ መንገዱ ዳር ዛፍ ስር አንድ አንበሳ ተጋድሞ አየን። ፀሐዩ ላዩ ላይ ወጥቷል። ሁላችንም ወደ ሊቀ አራዊት ዞርን። ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይኼኛው ታሟል» አሉ።

እኔ ግን ስለ አንበሳው ብቻ አይደለም ልቤ የተሰቀለው። ፊልሙ ለካ ጥበቃውን ቆርጦ ነው የሚያሳየን። እዚህ ሰዓቱ ሁሉ ጥበቃ ነው፤ በጥበቃው ውስጥ ደግሞ ትንንሹ ነገር ይመጣል። አንዲት ወፍ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቤቷን ስትሰፋ አየሁ፤ ሣሩን በአፏ ታስገባዋለች፣ በሌላ ወገን ታወጣዋለች፣ ትስበዋለች፣ ታጠብቀዋለች። መርፌ የላትም፣ ፔዳል የላትም። ዕድሜዬን በሙሉ ስፌት ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቋጠሮ መፍታት የምችል አይመስለኝም። ማን አስተማራት ብዬ ሳስብ መልሱን ስለማውቀው ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ባለ ካሜራው ሞቆኝ መስሎት ውሃ ሰጠኝ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እማማ እግራቸውን አላነሱም። ጉድጓድ ስንመታ «መጣ?» ይላሉ። ድልድይ ስንሻገር «መጣ?» ይላሉ። ሊቀ አራዊት መንገዱ ነው፣ ድልድዩ ነው እያሉ ይመልሳሉ። እየመሸ ሲሄድ የእማማ ጥያቄ እየሳሳ፣ የሊቀ አራዊት መልስ እያጠረ መጣ። ዝሆን ሳናይ ተመለስን። ራት ላይ ባለ ካሜራው በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ ሊቀ አራዊት ነገ እዚሁ ቢያርፉ ምን ይመስላቸዋል ብሎ ጠየቀ። ለሁላችንም የቀረችን አንዲት ጠዋት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ወደ ከተማ ይመልሰናል። እማማ ሁለተኛ እንዲህ ያለ መንገድ እንደማይሞክሩ፣ ቢሞክሩም ያቺ ጥላና ብርሃን እንደማትጠብቃቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በማግሥቱ ጠዋት አስጎብኚዋ መኪናውን ከማስነሳቷ በፊት ወደ ኋላ ዞረች። ፀሐይ ሳይከር ዝሆኖች ወርደው ውሃ የሚጠጡበት አንድ ኩሬ አለ አለች። ሰሞኑን ገና የተወለደ ግልገል ይዘው ስለሚመጡ ይፈራሉ፤ ትንሽ ድምፅ ከሰሙ ይመለሳሉ፤ ከተመለሱም በዚያ ቀን አይመጡም አለች። ከዚያ ሊቀ አራዊትን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አደራዎትን። አንዲት ቃል።»

«አንዲት ቃል ምን?»

«እሷንም አይናገሩ።»

ሊቀ አራዊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እናታቸውም ሰምተዋልና ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ጫማቸውን አወለቁ።

ኩሬው ዳር ደርሰን ሞተሩ ጠፋ። ከሁለት ቀን መንጓጓት በኋላ መሬቱ ቀጥ አለ። ባለ ካሜራው ካሜራውን አቅፎ፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ እማማ እግራቸውን ወለሉ ላይ ለጥፈው ተቀመጥን። ወፎች መጡ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። አንድ አጋዘን ውሃው ውስጥ የራሱን መልክ አይቶ ደነገጠ። ሊቀ አራዊት ይህን ሁሉ እያዩ ዝም አሉ። ዝምታው ሲያማቸው ይታየኛል፤ ጉንጫቸው ውስጥ ቃሉ ይገላበጣል። እኔም አዘንኩላቸው።

ከዚያ ቁጥቋጦው ተከፈተ።

ተከፈተ ስል አንድ ነገር ሰበር አለ፣ ኮሽ አለ ማለቴ አይደለም። ምንም አልሰማሁም። ቅጠል የነበረበት ቦታ ላይ ዝሆን ነበረ፣ በቃ። ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የቤት ግድግዳ የሚያህሉ ፍጥረታት ደረቅ ቅጠል የተነጠፈበት መሬት ላይ እየተራመዱ ነው፤ ግን ድመት ምንጣፍ ላይ ስትሄድ ከዚያ በላይ ኮቴዋ ይሰማል። የሰማነው የራሳችንን ትንፋሽ ነው። መጽሐፌ ልክ ነበር፤ ልክ በመሆኑም ከፋኝ።

እማማ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል፤ ዝሆኖቹ ያሉት በሌላው ወገን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የእግራቸው ጣቶች ወለሉን ይዘው እንደ ጆሮ ይጠብቃሉ። ነጎድጓዱን ነው የሚጠብቁት፤ ልጃቸው የነገራቸውን።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ የማወራው ስለ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ዝሆኖቹን አየ፤ ዞሮ እናቱን አየ። እንደገና የዝሆኖቹን እግር አየ፤ አንዱ ሲነሳ፣ ሲያርፍ፣ ሲነሳ። ያን ጊዜ ገባው። ዝም ካለ ዝሆኖቹ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እናቱም «አልመጡም» ብለው ጫማቸውን አድርገው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከተናገረ መንጋው ሊበረግግ ይችላል። ደግሞም የሚናገረው ሌላ አይደለም፤ የነገርኩሽ ሁሉ ስሕተት ነበር ብሎ ነው መጀመር ያለበት። ከኋላው ሆኜ ትከሻውን ነካ ላደርገው አሰብኩና ተውኩት። ውሳኔው የእሱ ነበር።

ዝቅ ብሎ አፉን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገ። ያ ሱቅ የሚያናውጥ ድምፅ እንዲህ ሊያንስ እንደሚችል አላውቅም ነበር። እኔ እንኳ የሰማሁት ግንባሬን ወንበሩ ላይ ስላስደገፍኩ ነው።

«እማዬ፣ መጥተዋል።»

«መሬቱ አልተንቀጠቀጠም።»

«አይንቀጠቀጥም። ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። ኮቴያቸው አይሰማም።»

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። እሱ አገጫቸውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ፊታቸውን ወደ ኩሬው አዞረላቸው።

«ያን ያህል አካል ይዘው?» አሉ እማማ።

«እግራቸው ስር ስፖንጅ ያለ ይመስላል። መሬቱን ሲረግጡት ሰፋ ይላል፣ ሲያነሱት ይሰበሰባል። ወፍራም፣ ጥሩ ስፖንጅ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አይመጣም።»

ሳቄን ለመያዝ እጄን ነከስኩ። እሱ ግን አልቀለደም። ያየውን፣ እንዳየው፣ በሚያውቀው ዕቃ ነበር የነገራቸው። ቀጠለ። ትልቋ ከፊት ናት አለ፤ አንድ ጆሮዋ ዳሩ ላይ ተቀድዷል። ቆዳቸው ላይ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግልገሏ ከእናቷ ሆድ ስር ናት፤ እናቷ ስትቆም ትቆማለች። ኩምቢዋ አስቸግሯታል፤ ወዲያ ወዲህ ይወናጨፋል፣ ረግጣው ልትወድቅ ነበር። አሁን ተንበርክካ በአፏ እየጠጣች ነው።

«እንደ ትልልቆቹ በኩምቢዋ አትጠጣም?»

«አትጠጣም።»

«ለምን?»

ጠበቅሁ። ይህን ጥያቄ ሱቅ ውስጥ ብትጠይቁት የግልገሏን የዘር ሐረግ ጭምር ይዘረዝርላችሁ ነበር።

«አላውቅም፣ እማዬ» አለ።

እማማ ፈገግ አሉ። እጃቸው ተነስቶ የልጃቸውን ጉንጭ ፈልጎ አገኘ።

«እስከ ዛሬ የምትነግረኝ እኔን እያየህ ነበር» አሉት። «ዛሬ ገና እነሱን እያየህ ነው።»

ይህን ስሰማ ያ ሁሉ ያኮረፈ አንበሳና ያ ሁሉ ቂመኛ ጎሽ ከየት እንደመጣ ተገለጠልኝ። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን የሚያይ ነበር የሚመስለን። የሚያየው የእናቱን ፊት ነበር፤ የቱ ጋ እንደሚሥቁ፣ የቱ ጋ እንደሚያዝኑ እያየ ነው ዱሩን ሲያሳምር የኖረው። እማማም ያውቁ ነበር። እያወቁ ማታ ማታ ያንኑ ይጠብቁ ነበር።

መንጋው ጠጥቶ ሲመለስ ትልቋ በእኛ በኩል መጣች። አስጎብኚዋ እጇን አነሳች፤ ማንም አልተነቃነቀም። ዝሆኗ ከመኪናው ጎን፣ ክንድ ቢዘረጉ የምትደረስ እስክትመስል ተጠጋች። ትንፋሿ ይሰማል፤ የሣርና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ የወፈረ ድምፅ ወጣ፤ በጆሮ የሚሰማ አይደለም፣ በወንበሩ ብረት በኩል የሚመጣ ነው። የእማማ እግር ጣቶች ተንቀሳቀሱ።

«ጨለመ» አሉ በሹክሹክታ። የዝሆኗ ጥላ ላያቸው ላይ አርፎ ነበር። ጥላን ይለያሉ ብያችሁ የለ። እጃቸውን ጥላው ውስጥ ዘረጉ፤ ምንም አልነኩም፤ እስኪያልፍ ድረስ ዘርግተው ቆዩ። ብርሃኑ ሲመለስላቸው «ሄደች» አሉ። ማንም አልነገራቸውም።

ባለ ካሜራውን ዞር ብዬ ባየው ካሜራው ጭኑ ላይ ነው። ጭራሽ አላነሳውም። እማማ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ከተማ ከተመለስን በኋላ አንድ ጭንቅ መጣብን፤ ሊቀ አራዊት ዝም አሉ። አንቱታውን መልሼባቸዋለሁ፤ ዝምታቸው ግን ማዕረግ የሚያሸክም ዓይነት አልነበረም። ሞላ ያስራሉ፣ ስፖንጅ ይቆርጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ደንበኛ በገዛ ፈቃዱ ስለ ጅብ ቢጠይቃቸው «መጽሐፍ ያነበበ ሰው እዚያ አለልህ» ብለው ወደ እኔ ላኩት። እኔም ስለ ጅብ የማውቀውን ትክክለኛውን ነገር ነገርኩት። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። አልሣቀም፤ ወንበር ስቦም አልተቀመጠ። ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ለካ ክፉ ድምፅ ነው።

ከዚያ እማማ በልጃቸው ስልክ ሳይሆን በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉ። «ማታ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይለፈልፋል። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ‘እንስሳ ነው እማዬ፣ እየሄደ ነው’ ይለኛል። እየሄደ እንደሆነማ አውቃለሁ።»

ተሳስቼ ሰው አስቸግሬያለሁ ብሎ ፈርቶ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እውነቱን አንድ ጊዜ በጥላው ውስጥ ተቀምጬ አግኝቼዋለሁ። ይበቃኛል፤ ተመስገን። አሁን የድሮውን መልሱልኝ» አሉና ስልኩ የሰው ነው ብለው ዘጉት።

አደራው ከባድ ነበር። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ፣ ሊቀ አራዊት ለአንድ ረጅም ሶፋ ስፖንጅ እየለኩ ሳለ፣ ከስፌቱ ቀና ሳልል ቀጭኔ ብዙ እንደማትተኛ አንድ ቦታ ማንበቤን ተናገርኩ። ቢላዋው ስፖንጁን መቁረጡን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቼ፣ ያን ያህል ቁመት ይዞ እንቅልፍ ማጣት ምን ይባላል አልኩ ለራሴ እንደሚያወራ ሰው። ቢላዋው ዘገየ።

«መጽሐፉ ለምን እንደማትተኛ ይናገራል?» አሉ ሊቀ አራዊት፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ።

ይናገራል፤ አደጋ ፈርታ ነው፣ ለመነሳት ጊዜ ስለሚፈጅባት ነው ይላል። «እኔ እንጃ» አልኩ። «አልተጻፈም።»

ቢላዋው ቆመ። ሊቀ አራዊት የያዙትን ረጅም ስፖንጅ ወደ ላይ አቁመው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዞረው እኔን አዩኝ፤ ፊቴን በደንብ አዩት።

«እሱን ለእኔ ተወው» አሉ። «ቀጭኔ እንቅልፍ ጠልታ እንዳይመስልህ። እኔ ልንገርህ፤ ለዚያ አንገት የሚሆን ትራስ የሚሠራላት ሰው አጥታ ነው።»

እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ፤ መኪናው ዝም አለ። እንደ እማማ እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ መጠበቅ ጀመርኩ።